ጅቡ ሳይመጣ የጮኸው ውሻ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ጥፋቱን ሁሉ በውሻው ላይ ይደፈድፋል። ውሻው በጊዜው ቢጮኽ ኖሮ ባለቤቱ ይነቃ፣ በጎቹም ይተርፉ ነበር የሚል እምነት በተረቱ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ማለዳ በአሜሪካ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በጊዜው ከአገሪቱ ትልልቅ የአክሲዮን አገበያዮች አንዱ በነበረው በናይት ካፒታል ውስጥ አንድ የውስጥ ሥርዓት ከማለዳው ጀምሮ ኢሜይል መላክ ያዘ። በኒው ዮርክ ሰዓት 9፡30 ላይ ገበያው ከመከፈቱ በፊት 97 ደብዳቤዎች ለኩባንያው ሠራተኞች ደርሰዋል። ደብዳቤዎቹ ችግሩ ያለበትን ሥርዓት ለይተው ጠቁመዋል፤ «ፓወር ፔግ» የተባለውን፣ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ላይ ያልዋለውን አሮጌ ተግባርም በስሙ ጠርተውታል። ማንም እርምጃ አልወሰደባቸውም።

ጥፋቱ የተጸነሰው ከዚያ በፊት ነው። አዲሱ ፕሮግራም በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ሲገባው አንዱ ተረስቶ በሰባቱ ላይ ብቻ ተጭኗል። ሥራውን ዳግም የሚያይ ሁለተኛ ባለሙያ አልተመደበም፤ እንዲመደብ የሚያዝ የጽሑፍ ደንብም አልነበረም። ገበያው ሲከፈት በተረሳው ሰርቨር ላይ የነበረው አሮጌ ተግባር ነፍስ ዘራ። በ45 ደቂቃ ውስጥ 212 አነስተኛ የደንበኞች ትእዛዞች ከ4 ሚሊዮን ወደሚበልጥ ግብይት ተለወጡ፤ በ154 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ከ397 ሚሊዮን በላይ አክሲዮኖች ተገዙ፣ ተሸጡም። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ኩባንያው ዓመት ሳይሞላው ጌትኮ ከተባለ ተፎካካሪው ጋር ተዋሕዶ ራሱን ችሎ መቆሙ አበቃ።

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በኦክቶበር 2013 ባወጣው ውሳኔ ኩባንያውን 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። በዚያ ውሳኔ ውስጥ ከቅጣቱ መጠን ይልቅ ትኩረት የሚሹ ሁለት ግኝቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው፣ እነዚያ 97 ደብዳቤዎች እንደ ማንቂያ ታስበው የተዘጋጁ አልነበሩም፤ ሠራተኞቹም ባብዛኛው አይመለከቷቸውም ነበር። ሁለተኛው፣ ኩባንያው ለአደጋ የተጋለጠበትን የገንዘብ መጠን የሚከታተለው ዋናው መሣሪያ በሰው ዓይን ብቻ የሚጠበቅ ነበር፤ በራሱ ተነስቶ የሚጮኽበት መንገድ አልተበጀለትም። በአጭሩ፣ የጮኸው ሥርዓት ሰሚ አልነበረውም፤ ሰሚ የነበረው ሥርዓት ደግሞ መጮኽ አይችልም ነበር።

ይህን ታሪክ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ስለ ጥንቃቄ የጎደለው አጫጫን ሲያስተምሩ ይጠቅሱታል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ ከዚያ ይልቅ የአስተዳደር ታሪክ ነው፤ ለምጣኔ ሀብትና ለሕግ ሰዎችም ከባለሙያዎቹ ባልተናነሰ ይመለከታል።

በማንኛውም የሥርዓት መከታተያ መሣሪያ ውስጥ የኢሜይል ማሳወቂያ ማዘጋጀት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በ1999 በሌላ ስም የተወለደው ናጊዮስም ይሁን፣ ዛቢክስም ይሁን፣ ፕሮሚቲየስም ይሁን፣ የሚሞላው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ ደብዳቤውን የሚያደርሰው የፖስታ ሰርቨር አድራሻ፣ የፖርት ቁጥር፣ የላኪ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ ማንቂያው የሚነሳበት ገደብ፣ በመጨረሻም «ተቀባይ» የምትል አንዲት መስመር። የሙከራ ደብዳቤ ይላካል፤ ይደርሳል፤ ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ ይፈረማል። ብዙ ጊዜ በተቀባይ መስመር ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የቡድን አድራሻ ነው፤ የሚጽፈውም በተቋሙ ውስጥ ዝቅተኛ ሥልጣን ያለው ባለሙያ ነው።

ያቺ መስመር ግን የቴክኒክ ጉዳይ አይደለችም። ማን እንዲያውቅ ይፈለጋል፣ ያወቀው ሰው ሥራ የማስቆም ሥልጣን አለው ወይ፣ ሳያደርግ ቢቀር በማን ይፈረዳል የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በእርሷ ላይ ተወስነው ያድራሉ። አለቆች ይህን ለጀማሪ ባለሙያ የሚተዉት ጉዳዩ ስለማይገባቸው ብቻ አይደለም፤ ስለሚመቻቸውም ነው። የቡድን አድራሻ ለአስተዳደር የሚሰጠው ጥቅም «ማሳወቂያ ተልኳል» ለማለት ማስቻሉ ነው፤ ያውም ለማንም ሳይነገር። ይህን ጥቅም ደግሞ፣ ከታች እንደሚታየው፣ በየአገሩ ያለው የቁጥጥር ሕግ ሳያስበው እየደጎመው ነው።

መጀመሪያ ግን ሒሳቡ። 50 ሰርቨሮች ያሉት፣ በእያንዳንዱ ላይ 20 ነገሮችን በየአምስት ደቂቃው የሚፈትሽ መካከለኛ ተቋም ይታሰብ። በቀን 288,000 ፍተሻ ይደረጋል ማለት ነው። ከ10,000 ፍተሻ አንዱ ብቻ በስህተት ቢጮኽ (ይህ እጅግ የታረመ ሥርዓት ነው) በየቀኑ 29 ያህል የሐሰት ደብዳቤዎች ይላካሉ። እውነተኛ አደጋ በወር አንድ ጊዜ ቢደርስ፣ ያ አንዱ እውነተኛ ደብዳቤ ከ860 በላይ በሆኑ ሐሰተኞች መካከል ተቀላቅሎ ይመጣል። እዚህ ላይ ሠራተኛውን በቸልተኝነት መክሰስ ሒሳብ አለመቻል ነው። ደብዳቤውን ሳያነብ የሚያልፍ ሰው በአንድ ሺህ ጊዜ ውስጥ ከ998 ጊዜ በላይ ትክክል ነው፤ ከዚህ የተሻለ ትንበያ የሚሰጥ የምጣኔ ሀብት ሞዴል አልተገኘም።

ኸርበርት ሳይመን በ1971 በታተመ ትምህርቱ ያስረዳው ይህንኑ ነው፦ መረጃ የሚበላው የተቀባዩን ትኩረት ነው፤ ስለዚህ መረጃ በበዛ ቁጥር ትኩረት ይደኸያል። የኢሜይል ችግር የላኪው ወጪ ከዜሮ ሊለይ እስከማይችል ድረስ ማነሱ ነው። አንድ ተጨማሪ ገደብ፣ አንድ ተጨማሪ ማንቂያ፣ አንድ ተጨማሪ ተቀባይ የሚጨምር ሰው የሚከፍለው የለም፤ የሚከፍለው በሌላኛው ጫፍ የተቀመጠው ተረኛ ነው። ፋብሪካ ጭሱን በጎረቤት ላይ ሲለቅ ኢኮኖሚስቶች የሚሰጡት ስም ለዚህም ይሠራል። የአሜሪካ ሆስፒታሎች ይህን ዋጋ በሕይወት ከፍለዋል፦ የጤና ተቋማትን ጥራት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በኤፕሪል 2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከ2009 መጀመሪያ እስከ 2012 አጋማሽ ከመሣሪያዎች ማንቂያ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች እንደተመዘገቡና ከእነዚህ 80ዎቹ በሞት እንደተደመደሙ ገልጿል፤ ከማንቂያዎቹም ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የሕክምና እርምጃ የማይፈልጉ ነበሩ። «ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በለው» የተባለው ሰውዬ ግዴለሽ አልነበረም። ዘጠኙን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ እንደማይቻል የገባው ሰው ነበር።

ለዚህ አለቆች የሚሰጡት የተለመደ መፍትሔ ተቀባይ መጨመር ነው። አንዱ ባያይ ሌላው ያያል፤ አምስቱ ባያዩ ስድስተኛው ያያል። የድሮው አዋጅ ነጋሪ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ሲያበቃ ሥራውን ለአደባባዩ አስረክቦ እንደሚሄደው ሁሉ፣ የቡድን አድራሻም የማሰማቱን ሥራ ለሰሚዎቹ ያስረክባል። አዋጅ ነጋሪው ግን የሚናገረው ስለ ግብርና ስለ ዘመቻ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰሚ ባይሰማ የሚደርስበትን ያውቃል። በቡድን አድራሻ ላይ ያለ ሠራተኛ ባያነብ የሚደርስበት ነገር የለም፤ ቢያነብ ግን እሑዱ ይበላሻል።

ይህን ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ አንድሪያስ ዲክማን በ1985 «የበጎ ፈቃደኛው አጣብቂኝ» በሚል በሒሳብ አስቀምጦታል። አንድ ሰው ተነስቶ ቢሠራ ለሁሉም የሚበቃ፣ ማንም ባይነሳ ግን ሁሉም የሚጎዳበት ሁኔታ ይታሰብ። የመነሳት ዋጋ ከጉዳቱ አንድ አምስተኛ ይሁን። ኃላፊነቱ የአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያ ሰው ያለጥርጥር ይነሳል። ሁለት ሰዎች ሆነው እያንዳንዳቸው በየግላቸው ቢያሰሉ፣ ሁለቱም ሳይነሱ የሚቀሩበት ዕድል 4 በመቶ ይሆናል። አሥር ሲሆኑ ዕድሉ ወደ 17 በመቶ ይወጣል፤ ቁጥሩ እየበዛ ሲሄድም ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። የአንዱ ሰው ግዴታ ከአሥሩ በጎ ፈቃድ ይበልጣል። ተቀባይ የጨመረ አለቃ ጥንቃቄ የጨመረ ይመስለዋል፤ በሒሳቡ መሠረት ግን የቀነሰው ጥንቃቄን ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ደብዳቤው ይደርሳል ብሎ የተነሳ ነው። ኢሜይል ግን ለዚህ ዓይነት ሥራ ቃል አልገባም። ጆን ፖስቴል በ1982 የጻፈው የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብና በ2008 የታደሰው ቅጂው የተመሠረቱት ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ ሲመች በማሳለፍ አሠራር ላይ ነው። በታደሰው ደንብ መሠረት፣ ደብዳቤ ለማድረስ ያልቻለ ሰርቨር እንደገና ከመሞከሩ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይገባዋል፤ ተስፋ ቆርጦ «አልደረሰም» ብሎ ከመመለሱ በፊትም ከአራት እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሞክር ይችላል። የእሳት ማንቂያ በአምስተኛው ቀን «አልደረሰም» ተብሎ ቢመለስ ደንቡ አልተጣሰም ማለት ነው። ናይት ካፒታል ለመውደቅ የፈጀበት ጊዜ 45 ደቂቃ እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል።

የጊትላብ ታሪክ እዚህ ላይ በዝርዝር መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 በዚህ የሶፍትዌር ማከማቻ ኩባንያ ውስጥ አንድ መሐንዲስ ሌላ ችግር ሲያስተካክል ሳያውቅ የዋናውን የመረጃ ቋት ፋይሎች ሰረዘ። ባልደረቦቹ ወደ ምትኬው ሮጡ። በየቀኑ መቀመጥ የነበረበት ምትኬ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ምትኬውን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ሥሪቱ ከመረጃ ቋቱ ሥሪት ጋር ስለማይጣጣም በተደጋጋሚ ከሽፎ ነበር። ፕሮግራሙ በከሸፈ ቁጥር ለማሳወቅ ኢሜይል ይልካል፤ የማሳወቂያ ሥርዓቱም በትክክል በርቷል። ነገር ግን ኩባንያው ሐሰተኛ ደብዳቤ በስሙ እንዳይላክ የሚከላከለውን ዲማርክ የተባለ የማረጋገጫ ሥርዓት ይጠቀም ነበር፤ እነዚያ የማሳወቂያ ደብዳቤዎች ደግሞ የዚህ ሥርዓት ማረጋገጫ አልነበራቸውም። ስለዚህ ተቀባዩ ሰርቨር በሐሰተኝነት ጠርጥሮ በር ላይ መለሳቸው። ኩባንያው የራሱን ጩኸት እንደ ሌባ ድምፅ ቆጥሮ አባረረው። የተረፈው፣ ከጥቂት ሰዓታት በፊት ለሌላ ጉዳይ የተወሰደ ቅጂ በአጋጣሚ ስለነበረ ነው፤ እንዲያም ሆኖ የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ጠፍቷል፦ 5,000 ገደማ ፕሮጀክቶች፣ 5,000 ገደማ አስተያየቶች፣ 700 ገደማ አዳዲስ ተጠቃሚዎች።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው ጊትላብ ራሱ ስላወጣው ነው። የጥገና ሥራውን በቀጥታ በቪዲዮ አስተላለፈ፤ በፌብሩዋሪ 2017 ደግሞ የከሸፈውን ነገር ሁሉ፣ የማሳወቂያ ደብዳቤዎቹን ዕጣ ጭምር፣ በዝርዝር ጽፎ ለሕዝብ አቀረበ። የሰረዘውን መሐንዲስ ስም ግን አልጠቀሰም። ይህ ዝርዝር ወደ በኋላ ይመለሳል።

ተመሳሳይ ዝምታ በየቦታው አለ። ጎግል እ.ኤ.አ. ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ ለግል የጂሜይል መለያዎች በተለመደው የይለፍ ቃል ብቻ የሚገቡ ፕሮግራሞችን መቀበል አቁሟል። በዚያ መንገድ ተዘጋጅቶ የተረሳ የመከታተያ መሣሪያ ሁሉ በዚያ ሰሞን ድምፁ ተዘግቷል። ድምፁ መዘጋቱን የሚያሳውቀው ደግሞ በዚያው በተዘጋው መንገድ ነው። ለዚህ የታወቀ መድኃኒት አለ፦ መሣሪያው ችግር ሲኖር ብቻ ከመጻፍ ይልቅ በየተወሰነው ሰዓት «ደህና ነኝ» እንዲል ማድረግ፣ ያ መልእክት ሲቀርም ከውጭ ያለ ሌላ ሥርዓት የተረኛውን ስልክ እንዲደውል ማድረግ። ይህን ማዘጋጀት ሌላ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የማይደረገው ማንም ስለማይጠይቅ ነው።

ማንም የማይጠይቅበት ምክንያት በሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ባንኮችና የገንዘብ ተቋማት ላይ የሚሠራው ዶራ የተባለው ሕግ፣ ከባድ የኮምፒውተር አደጋ የደረሰበት ተቋም አደጋውን ከባድ ብሎ በመደበ በአራት ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይም አደጋውን ባወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የአሜሪካ ኮሚሽን በ2023 ያወጣው ደንብም በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ የደረሰበት የሳይበር ጥቃት ለባለሀብቶች ጉልህ መሆኑን በወሰነ በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲገልጽ ያዝዛል። ሁለቱም ሕጎች ከነበረው የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው? በአንዱ ሲታወቅ ወይም ሲመደብ፣ በሌላው ሲወሰን። ማሽኑ ሲጽፍ አይደለም።

ይህ ቃላት መሰንጠቅ አይደለም። ሰዓቱ «ካወቀ» ከሚለው ጀምሮ የሚቆጠር ከሆነ፣ ያልተነበበ ደብዳቤ ለተቋሙ ዋጋ ያለው ንብረት ይሆናል። ቢነበብ ግዴታ ያስከትላል፤ ሳይነበብ በቡድን ሣጥን ውስጥ ቢያድር ግን ተቋሙ ገና አላወቀም። በፋይናንስ ቋንቋ ይህ ነጻ አማራጭ ነው፤ ነጻ አማራጭ የተሰጠው ሁሉ ደግሞ ይይዘዋል። እርግጥ ነው፣ የአውሮፓው ሕግ በአንቀጽ 10 የማንቂያ ገደብና ለሚመለከታቸው ሠራተኞች በራሱ የሚደርስ ማንቂያ እንዲኖር ያዝዛል፤ የአሜሪካውም ውሳኔው ያለ አሳማኝ ምክንያት እንዳይዘገይ ይላል። ማንቂያው እንዲኖር ማዘዝና ሰዓቱን ከማንቂያው ጋር ማሰር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው 97 ደብዳቤ ያስገኛል። ሁለተኛው አንባቢ ያስገኛል።

ስለዚህ ደንቡ መሆን ያለበት ይህ ነው፦ የተቋሙ መሣሪያ ማንቂያውን የጻፈበት ሰዓት፣ ተቋሙ ያወቀበት ሰዓት ሆኖ ይቆጠር። ደብዳቤው አልደረሰም፣ በአላስፈላጊ መልእክቶች ሣጥን ውስጥ ገባ፣ ተረኛው ፈቃድ ላይ ነበር የሚለው ማስረጃ ቅጣትን ሊያቀልል ይችላል፤ ሰዓቱን ግን ሊያራዝም አይገባም።

ለዚህ የሚሰጠው ጠንካራ መልስ ተቋማት ማንቂያቸውን ያጠፋሉ የሚል ነው። የማይጽፍ ማሽን ምንም አላወቀም፤ ስለዚህ ደንቡ ዝምታን ይሸልማል ይባላል። ክርክሩ ሊናቅ አይገባም፤ የናይት ውሳኔ ግን በከፊል መልሶታል። ኮሚሽኑ ያላየው ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን የሌለ ማንቂያም ጥፋት መሆኑን በአንድ ሰነድ አስፍሯል። ማንቂያን ማጥፋት በቅንብር መዝገብ ላይ ቀንና ስም ትቶ የሚያልፍ ድርጊት ነው፤ ያልተነበበ ደብዳቤ ግን የማንም ድርጊት አይደለም። ለመርማሪ የትኛው እንደሚቀል ግልጽ ነው። ከዚህም በላይ፣ ተቋማት ከሐሰተኛ ማንቂያዎቻቸው ብዙዎቹን ቢያጠፉ ሊመሰገኑ እንጂ ሊወቀሱ አይገባም፤ ለጩኸታቸው መክፈል ሲጀምሩ ጩኸታቸውን ይመርጣሉ።

ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መምጣት እዚህ ላይ ግድ ይላል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የባንኩ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት ክፍተት ተፈጠረ። ባንኩም ብሔራዊ ባንክም ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሥርዓት ማሻሻያ ሥራ መሆኑን አስታወቁ። የባንኩ ፕሬዚዳንት በኋላ እንደገለጹት ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ነበር፤ አብዛኛውም ተመልሷል። ያልመለሱ ደንበኞች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ ሆነ።

በዚያ ሌሊት አንድ የማንቂያ ሥርዓት እንከን የለሽ ሆኖ ሠርቷል፤ የተማሪዎቹ ሥርዓት። ወሬው በስልክና በመልእክት መተግበሪያዎች ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው በሰዓታት ውስጥ ተዳረሰ። የእነርሱ «ተቀባይ» መስመርም የቡድን አድራሻ ነበረች፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተቀባይ ቢያነብ የሚያገኘው ነበረው። መልእክት የሚፈጥነው ሰሚው በሚጠቀምበት አቅጣጫ ነው። የተረኛ ባለሙያ አበል፣ የዕረፍት ቀን ካሳና ሥርዓቱን በራሱ ውሳኔ የማስቆም ሥልጣን እንደ ቅንጦት የሚታይበት ተቋም ሁሉ ይህን ውድድር ከማንኛውም የተማሪ ማደሪያ ጋር ይሸነፋል።

ከባንኩ የሚጠየቀውም የተማሪዎች ፎቶግራፍ አይደለም። የሚጠየቀው በሦስት መስመር የሚያልቅ ነው፦ የመጀመሪያው ማንቂያ በስንት ሰዓት ተጻፈ፤ ለማን ተጻፈ፤ ያ ሰው ሥርዓቱን ለማቆም የማንን ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት? ጊትላብ የሠራተኛውን ስም ደብቆ የደብዳቤዎቹን መንገድ ገለጠ። ተቃራኒውን ማድረግ፣ ማለትም የሰዎችን መልክ ገልጦ የደብዳቤዎቹን መንገድ መዝጋት፣ የሚያስተምረው ደንበኛውን እንጂ ተቋሙን አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ባንኮች በሚገቡበትና የዲጂታል ክፍያ በሚስፋፋበት በዚህ ዘመን ከአውሮፓውያን ሕግ ሲቀዳ የሰዓቱን መነሻ አብሮ መቅዳት የለበትም። ዘግይቶ የሚጽፍ ሕግ አውጪ አንድ ዕድል አለው፤ የቀደሙት የተዉትን ቀዳዳ ሊደፍነው ይችላል።

በውጭ ያለው ባለሙያም ከዚህ ነጻ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በፍራንክፈርት፣ በዱባይ የሚሠራ መሐንዲስ ለአገር ቤት ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ በበጎ ፈቃድ የመከታተያ ሥርዓት ሲተክል ለጊዜው ብሎ የራሱን አድራሻ በተቀባይ መስመር ላይ ያስገባል። አዲስ አበባ ላይ የቢሮ ሥራ ሲጀመር ቨርጂኒያ ላይ እኩለ ሌሊት አልፏል። ደብዳቤው ሥልጣን ወደሌለው፣ በተኛበት ሰዓት፣ ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወዳለ ሰው ይሄዳል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ሰው ሥራ ይቀይራል፣ አድራሻው ይዘጋል፣ በሪፖርቱ ላይ ግን «የክትትል ሥርዓት፦ አለ» የሚለው ይቀጥላል። ለጋሽም ኦዲተርም ያንን መስመር አንብቦ ምልክት ያደርግበታል።

ለአነስተኛ ተቋም ይህ ሁሉ ይከብዳል፣ ኢሜይል ነጻና መዝገብ የሚይዝ ስለሆነ ይበቃል የሚሉ አሉ። መዝገብ ነው መባሉ እውነት ነው፤ እንግዲያው መዝገብ ይባል፤ ማንቂያ ግን አይባል። ሰው መቀስቀስ ያለበት ነገር ወደ አንድ ሰው ስልክ በአጭር መልእክትና በጥሪ ይሂድ፤ ያ ሰው ካልመለሰ በ15 ደቂቃ ውስጥ ስሙ ወደታወቀ ሁለተኛ ሰው ይሻገር፤ ይህም ካልሆነ ወደ ሥራ አስኪያጁ ስልክ። ሰው የማይቀሰቅስ ነገር በኢሜይል ይከማች። የጎግል መሐንዲሶች በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ ለአንድ ተረኛ በአንድ ፈረቃ ከሁለት በላይ አደጋ እንዳይደርሰው የሚል ልክ አስቀምጠዋል፤ ያንን ልክ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ብዙ ማንቂያዎችን የመሰረዝ ድፍረት ነው። ለአንዲት የሆስፒታል ሰርቨር ተረኛ የሚከፈለው አበል ከአንድ የአውደ ጥናት ምሳ አይበልጥም።

ገንዘብ የሚሰጥ ወገን ከመፈረሙ በፊት ሊያደርገው የሚችለው ፍተሻ አንድ ነው። በእሑድ ሌሊት፣ ከተቋሙ ኃላፊ በቀር ለማንም ሳይነገር፣ አንድ የማይጎዳ ሰርቨር ይጥፋ፤ አንድ ሰው ተነስቶ «አይቼዋለሁ» እስኪል ድረስ ያለው ደቂቃም ይቆጠር። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የዚያ ሌሊት ተረኛ ስም ይጠየቅ። መልሱ «ሁላችንም እናየዋለን» ከሆነ ክፍያው ይቆይ።